ፍላሹ ላይ ይታያል፣ ዲቪዲው ላይ እምቢ አለ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን መስመራችንን ያጨናነቀው የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ነው። ዲቪዲ ቀርቷል የሚል ካለ ወላጆቹ ቤት ይሂድና ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ማጫወቻ ይይ። ከጥያቄዎቹ አምስቱን መርጫለሁ።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ የልጄን ሰርግ በፍላሽ አመጡልኝ። የጎረቤት ልጅ ባዶ ዲቪዲ ገዝቶ ገለበጠልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። የኔ ማጫወቻ ግን ዲስክ የለም ይለኛል። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?»

እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ልጁም አላጠፋም፤ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው። ፋይል መገልበጥና ዲቪዲ መሥራት ለየቅል ናቸው።

በፍላሽ የሚመጣ የሰርግ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒ ፎር ነው። ምስሉ የታመቀው ኤች 264 በሚባል ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዲቪዲ ማጫወቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው መሸጥ የጀመረው። የዲቪዲ ደንብ የተጻፈው ያኔ ነው፤ ምስሉ ኤምፔግ 2 ይሁን ይላል። እርስዎ ማጫወቻውን አምና ቢገዙትም ደንቡ ያው የድሮው ነው። ፊቱ ላይ ዲቪኤክስ የሚል ምልክት ያለባቸው አንዳንዶቹ ኤቪአይ ፋይል ይቀበላሉ። ኤምፒ ፎር ሲያዩ ግን እነሱም ብዙ ጊዜ ዝም ነው።

ለልጁ ይህን ያንብቡለት። ዲቪዲ ስታይለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫን። ሲከፈት ፓል የሚለውን፣ ማለትም የአገራችንን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ምረጥ። ቪዲዮውን ጎትተህ አስገባና ራይት አድርግ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ አትነካካው።

ሲያልቅ ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ካለ፣ ውስጡም ስማቸው በቪኦቢ የሚያልቅ፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋ የማይበልጡ ፋይሎች ከተደረደሩ፣ ተሳክቷል። «ሰርግ ፋይናል» የሚል አንድ ፋይል ብቻውን ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት ግን አሁንም ተገለበጠ እንጂ አልተቀየረም።

ሐዋሳ ስቱዲዮ ያለው ወጣት፦ «የ3 ሰዓት ሰርግ አንድ ዲስክ ላይ ሳደርግ ምስሉ ይቆራረጣል። ደንበኛ እየተቆጣኝ ነው። ፕሮግራም ልቀይር?»

ፕሮግራሙን ተወው ወንድሜ፣ ሂሳቡ ነው እምቢ ያለህ። ባዶ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ይባላል፤ ዊንዶውስ ግን 4.37 ብሎ ያሳይሃል። ሌባ የለም፣ አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ነው። ይህን ቦታ ለ2 ሰዓት ብታካፍለው ለእያንዳንዱ ሰከንድ 5 ሜጋቢት (ሜጋቢት የዳታ መለኪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። ጥሩ ነው። ለ3 ሰዓት ስታደርገው ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ ድምፁ ድርሻውን ይወስዳል።

3.5 ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ ይበቃል። እስክስታው ሲጀመር ግን አይበቃም። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ፣ ከላይ የወረቀት ብናኝ ሲበተን፣ የዲጄው መብራት ሲብለጨለጭ፣ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል፣ ከፊተኛው ይለያል። ቦታ ሲያጥረው ምስሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል። ደንበኛህ ደግሞ የሚያየው ያንን ነው፤ ምርቃቱን ማን ደግሞ ያያል?

የኔ ምክር፣ ሁለት ዲስክ አድርገው። ሰርጉ አንድ፣ መልሱ አንድ። ደንበኛም ሁለት ሲሰጠው ደስ ይለዋል። የግድ አንድ ይሁን ካለህ፣ ፕሮግራምህ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት ምርጫ ካለው አብራው። መጀመሪያ ከባዱን ቦታ ይለያል፣ ቀጥሎ ቢቱን ለእስክስታው ያደላል። ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ጀምረኸው ተኛ። ባለ 8.5 ጊጋ ዲስክም አለ። አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻ ግን ስለሚያንገራግርበት ለደንበኛ አልሰጥም።

ከአዳማ የደወለች እህት፦ «እህቴ ከዱባይ የልጇን ክርስትና በቴሌግራም ላከችልኝ። 40 ሜጋ ነው። ወደ ዲቪዲ ሲቀየር ከ1 ጊጋ በላይ ሆነ። ግን ምስሉ ያው ድብዝዝ ነው። ለምን?»

የቀጠነ ወጥ ትልቅ ድስት ውስጥ ቢገለበጥ አይወፍርም። ቪዲዮው ሲላክ ቴሌግራም አሳንሶታል። ያኔ የጠፋውን ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ኤምፔግ 2 አሮጌ ስለሆነ ያንኑ ምስል ለመያዝ ብዙ ቦታ ይበላል፣ ፋይሉ ያበጠው ለዚያ ነው። እህትሽ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ትላክልሽ። እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ ምንም አይነካውም። ስልኳ ላይ ኦሪጅናሉን ሳታጠፋው ቶሎ ደውይላት።

ቨርጂኒያ ያለ ወንድም፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችው ዲስክ እዚህ ማጫወቻ ላይ አይሠራም። ሪጅን ነው ይሉኛል።»

ሪጅን አይደለም። ያ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲሠራ የፊልም ኩባንያዎች የሚያደርጉበት ቁልፍ ነው፤ ቤት የተሠራ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ችግሩ ፓል ነው። ኢትዮጵያ፣ አውሮፓና እስራኤል ፓል ናቸው፤ ምስሉ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 720 በ480፣ በሰከንድ 29.97። አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ፓል አያነቡም። ላፕቶፕ ሁለቱንም ያነባል፣ ለዛሬ በእሱ እይ። በሚቀጥለው ግን ዲስኩን አይላኩልህ። ፋይሉን ይላኩና እዚያው ኤንቲኤስሲ ብለህ ሥራው።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ «በስልክ የቀረጽኩት መጀመሪያ ልክ ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ድምፁ ከከንፈር ይለያል።»

ይህ እኔም ላይ ደርሷል፣ ያውም በአክስቴ ልጅ ሰርግ። 20ኛው ደቂቃ ላይ ሙሽራው አፉን ዘግቶ «አዎ» ሲል ተሰማ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ስልክ ፍሬሙን እኩል አይቀርጽም፤ ብርሃን ሲቀንስ አንዳንዱ ያዘገያል። ዲቪዲ ደግሞ እኩል ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባል ፕሮግራም ላይ ክፈተው፣ 25 ፍሬም ምረጥ፣ ፍሬሙ ቋሚ ይሁን በለው። ሃንድብሬክ ራሱ ዲቪዲ አይሠራም፣ ያወጣውን ፋይል ነው ወደ ዲቪዲ ስታይለር የምትወስደው። ራይት ከማድረግህ በፊት መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን 5 ደቂቃ እይ።