ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ዓሣ

(ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፤ የሱቅ መደርደሪያ)

ይህችን የቱና ቆርቆሮ የገዛኋት እዚሁ ፒያሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን የውቅያኖስ ዓሣ ይዘናልና እስቲ እንተዋወቀው።

ቱና የአንድ ዓሣ ብቻ ስም አይደለም፤ ብዙ ዝርያዎች አሉት። ቆርቆሮ ውስጥ በብዛት የሚገባው ስኪፕጃክ ነው፤ ሆዱ ላይ ጠቋቁር መስመሮች አሉት፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ባለ ቢጫ ክንፉ ግን ሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ለመዝናናት በዘንግ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚመኙት ይህን ነው፤ መንጠቆው ከያዘው በኋላ ክሩን እየጎተተ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ትግሉም ይረዝማል።

(ምስል፦ ሁለት ሳህን፤ በአንዱ ቆሮሶ፣ በሌላው ጥሬ ቱና)

ከሐይቅ የመጣውን ቆሮሶ ተመልከቱ፤ ሥጋው ነጭ ነው። ጥሬ ቱና ግን የበሬ ሥጋ ይመስላል። ቱና ለመተንፈስ እንኳ አፉን ከፍቶ ወደ ፊት መዋኘት አለበት፤ ከቆመ ይታፈናል። ዕረፍት የሌለው ጡንቻ ደግሞ ኦክስጅን የሚይዝ ቀይ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሙቀቱ ነው፦ ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደም፣ ከመተንፈሻ አካሉ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ደም በጎኑ ሲያልፍ ያሞቀዋል። ስለዚህ ሰውነቱ ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ይሞቃል።

ፋብሪካ ውስጥ ዓሣው በእንፋሎት በስሎ፣ አጥንትና ቆዳው ወጥቶ ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ግፊት ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ቤት ውስጥ በድስት ቀቅሎ ማሸግ ይህን አይተካም።

ስትገዙ ክዳኑን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ካበጠ ይቅርባችሁ፤ ለመቅመስም አትሞክሩ። ትልልቆቹ ዝርያዎች ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ስለሚያጠራቅሙ ነፍሰ ጡሮች ስኪፕጃክን ቢመርጡ ይሻላል።

(ምስል፦ ምድጃ፤ ኋላም ትሪ)

የቆርቆሮውን ዘይት አትድፉት። ቀይ ሽንኩርት በዚያው አቁላሉበት፤ ቲማቲም ጨምሩ፤ ቱናውንና ቃሪያውን መጨረሻ ላይ አግብታችሁ ወዲያው አውርዱት። ቀድሞ የበሰለ ነውና ብዙ እሳት ካገኘው ይደርቃል።

እኛ ወሎዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየተጠራራን እንበላለን። ሥጋ ሲሆን ግን «ማን አረደው?» የሚለው አለ። ዓሣ ይህን አያስጠይቅም። እናቴ ጎረቤቶቻችን ሲመጡ ቱናውን በአንድ ትሪ ታቀርባለች፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ ይቀርባል።