አቧራ የሸወዳቸው ሊቃውንት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አቧራ ነው። ከቤት ስለምንጠርገው ሳይሆን በከዋክብት መሀል ስለተበተነው። ከጭስ ብናኝ ጋር ቢመሳሰል ነው፤ አብዛኛው ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ ያንሳል። በከዋክብት መካከል ካለው ቁስም በክብደት አንድ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ግን ጉዱ ብዙ ነው።

በበጋ አመሻሽ ላይ አቧራማ መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ፀሐይዋ ትደበዝዛለች፣ ትቀላለች። ሩቅ ኮከብም እንዲሁ ነው። በፈረንጆቹ 1930 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሮበርት ትራምፕለር የኮከብ ክምችቶችን ሲለካ ሩቆቹ ከሚጠበቀው በላይ ፈዘው አገኛቸው። ለካ በመሀል አቧራ አለ። አቧራውን ያልቆጠረ ሰው ኮከቡን ከእውነተኛ ቦታው አርቆ ያስቀምጠዋል።

እኔ የምወደው ታሪክ ግን የፈረንጆቹ 2014ቱ ነው። በደቡብ ዋልታ የተተከለው ባይሴፕ 2 ቴሌስኮፕ ጽንፈ ዓለም ከጀመረበት ከቢግ ባንግ 380 ሺህ ዓመት ያህል በኋላ የተለቀቀውን ጥንታዊ ብርሃን ይመለከት ነበር። ቡድኑ በብርሃኑ የንዝረት አቅጣጫ ላይ ጠመዝማዛ ንድፍ አየን አለ። ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት በድንገት ሲለጠጥ የተፈጠረ የስበት ሞገድ፣ ማለትም የሕዋው የራሱ ንዝረት፣ አሻራ ነው ተባለ። ከቡድኑ አንዱ ቻው-ሊን ኩዎ ካሜራ አስከትሎ የአንድሬ ሊንዴን በር አንኳኳ። ሊንዴ የዚህ የመለጠጥ ሐሳብ ከአባቶቹ አንዱ ነው። ሻምፓኝ ተከፈተ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ሽማግሌው፣ ተሸውጄ ቢሆንስ? ስለሚያምር ብቻ አምኜው ቢሆንስ? ሲል ቪዲዮው ላይ ይሰማል።

ፍርሃቱ ልክ ነበር። የጋላክሲያችን የአቧራ ብናኞች በመግነጢሳዊ መስክ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የሚያወጡት ጨረርም ተመሳሳይ ንድፍ ይሠራል። ባይሴፕ 2 በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ፣ በ150 ጊጋኸርዝ ብቻ ስላየ ሁለቱን መለየት አይችልም ነበር። በብዙ ድግግሞሽ ያየው የአውሮፓው ፕላንክ ሳተላይት ግን ይችል ነበር። ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን አዋህደው በጥር 2015 ውጤቱን አወጡ፦ ለስበት ሞገድ የሚበቃ ማስረጃ የለም። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሆነውን ሊያዩ ወጥተው የደጃቸውን አቧራ አይተው ተመለሱ ማለት ነው።

እኔ አልስቅባቸውም። ስህተታቸውን ከፕላንኮቹ ጋር ቁጭ ብለው ያረሙት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ዋልታው ላይ ያሉት መሣሪያዎች በ95 እና በ220 ጊጋኸርዝም ያያሉ። የ220ው ዋና ሥራ አቧራውን መለካት ነው። የስበት ሞገዱ አሻራ ግን እስካሁን አልተገኘም።

አመሰግናለሁ።