ትንሽ ጨረራ ይጎዳል? መልሱ ከአንድ አገር የማይገኝበት ምክንያት

[ምስል፦ ባዶ የሲቲ ስካን ክፍል። አልጋው ቀስ እያለ ወደ ቀለበቱ ይገባል።]

ሰላም ለሁላችሁ። ሲቲ ስካን ታዝዞላችሁ የሚያውቅ ከሆነ «ይሄ ነገር አይጎዳኝም?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ባለሙያውም «አይዟችሁ፣ መጠኑ ትንሽ ነው» ይላችኋል። ልክ ነው። ግን ትንሽ ሲባል ምን ያህል ነው? ትንሽ መሆኑን በምን አወቁ?

ይህን አንድ ሊቅ ወይም አንድ ላብራቶሪ ቁጭ ብሎ አላገኘውም። ሊያገኘውም አይችልም። ለምን እንደማይችል ሒሳቡን አብረን እናየዋለን።

[በስክሪን ላይ፦ 2.4 ሚሊሲቨርት በዓመት]

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። አዮናይዚንግ ጨረራ የሚባለው ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ለማውጣት አቅም ያለው ጨረራ ነው። ራጅና ጋማ ከዚህ ወገን ናቸው። ከመሬት ውስጥ እየወጣ ቤት የሚገባው የሬዶን ጋዝም ይህን ዓይነት ጨረራ ይለቃል። የሞባይልና የዋይፋይ ሞገድ ግን እዚህ ውስጥ የለበትም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ጨረራው ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የሚለካው ሚሊሲቨርት በሚባል አሃድ ነው። ከአፈር፣ ከሕዋ፣ ከአየርና ከምግብ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይደርሰዋል። በራጅ የሚሠራው ሲቲ ስካን ደግሞ ደረት አንድ ጊዜ ሲነሳ ወደ 7 ሚሊሲቨርት ይጠጋል።

ብዙ ጨረራ እንደሚገድል ከታወቀ ቆይቷል። ማንም አይከራከርበትም። የሚያጨቃጭቀው ትንሹ ነው።

[ምስል፦ በነጭ ገጽ ላይ 500 ነጥቦች። ከዚያ 50,000። ከዚያ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል።]

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በጨረራ የመጣ ካንሰር ግንባሩ ላይ ምልክት የለውም። በሌላ ምክንያት ከመጣው አይለይም። በዓለም ላይ ደግሞ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ ካንሰር ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሽ ጨረራ ያመጣውን ጭማሪ መፈለግ በጫጫታ መሐል ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አደጋው ከመጠኑ ጋር እኩል ይጨምራል እንበል። የ1,000 ሚሊሲቨርትን ጉዳት ለማየት 500 ሰው ማጥናት በቂ ከሆነ፣ ለ100 ሚሊሲቨርት 50,000 ሰው ያስፈልጋል። ለ10 ሚሊሲቨርትስ? 5 ሚሊዮን ሰው! መጠኑ በአሥር እጅ ሲያንስ የሚያስፈልገው ሰው በመቶ እጅ ይጨምራል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ 10 ሚሊሲቨርት ማለት ሲቲ ስካን አካባቢ ነው። የሁላችንም ጥያቄ ያለው እዚያው ነው።

ይህን ያህል ሰው፣ ያውም እያንዳንዱ የደረሰው መጠን ተለክቶ፣ ለአሥርተ ዓመታት ጤናው እየታየ፣ ከየት ይመጣል? ከአንድ ሆስፒታል አይመጣም። ከአንድ አገርም ቢሆን ይከብዳል።

[ምስል፦ የድሮ የወረቀት መዝገቦች፣ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች።]

ትልቁ መነሻ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ናቸው። ጃፓንና አሜሪካ በጋራ ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይዘው እስከ ዛሬ ይከታተላሉ። ትናንት አንዱ ቦምብ የጣለ፣ ሌላው የተጣለበት ነበር። ዛሬ የሚሠሩት በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በየአገሩ ያሉት የጨረራ ገደቦች በአብዛኛው የቆሙት በዚህ ጥናት ላይ ነው።

ግን ይህ ጥናት አንድ ጎደሎ አለው። እነዚያ ሰዎች ጨረራው የደረሳቸው በአንድ ጊዜ፣ በብልጭታ ነው። በኒውክሌር ማመንጫ የሚሠራ ሰው ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየደረሰው ሠላሳ ዓመት ይቆያል። ቀስ ብሎ ሲመጣ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል።

ኢንዎርክስ የሚባለው ጥናት ይህን ለመፈተሽ የፈረንሳይን፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን ከ300,000 በላይ የኒውክሌር ሠራተኞች መዝገብ አንድ ላይ አመጣ። በ2023 የወጣው ውጤት ግምቱን አልደገፈውም። ቀስ ብሎ የመጣው ጨረራ፣ መጠን በመጠን ሲወዳደር፣ አደጋው ቀንሶ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሦስት መዝገብ አንድ ላይ ማምጣት ሲባል ፋይል ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይመስላል። አይደለም። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚለጥፉት መለኪያ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። መለኪያው ሊያነበው የማይችለው ትንሽ መጠን ሲገጥም አንዱ ጋ «ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላው ጋ የመለኪያው ዝቅተኛ ንባብ ይሞላል። የምንፈልገው ደግሞ ትንሹን መጠን ነው! ያቺን ዜሮ ሳያጠሩ መደመር ስህተትን መደመር ነው። ለእኔ የትብብር ምርምር ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ዜና አይሆንም፤ ሽልማትም አያስገኝም። ያለ እሱ ግን ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

[ምስል፦ የዘጠኝ አገሮች ካርታ፣ መስመሮች ወደ አንድ ቦታ ሲገናኙ።]

ወደ ሲቲ ስካኑ እንመለስ። ኢፒ-ሲቲ የተባለው ጥናት ከዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ዕድሜያቸው 22 ሳይሞላ ሲቲ የተነሱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ሰበሰበ። ያስተባበረው ሊዮን ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። በዛሬው የሲቲ መጠን 10,000 ልጆች ቢነሱ፣ ከምርመራው በኋላ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በጨረራው የተነሳ አንድ ወይም ሁለት የደም ካንሰር ሊመጣ ይችላል የሚል ግምት ላይ ደረሰ። አያችሁ? ለአንድ ልጅ ኢምንት ነው። ለሚሊዮን ልጆች ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ በምክንያት ካዘዘ ልጃችሁን አታስቀሩ። «ይህ ጨረራ የሌለበት አልትራሳውንድ አይበቃም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

[ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ክሮሞሶሞች። አንደኛው ሁለት ቋጠሮ አለው።]

ትብብር አደጋ ሲደርስም ያስፈልጋል። በ1987 ብራዚል ውስጥ፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ተጥሎ የቀረ የጨረራ ሕክምና ማሽን ተፈታቶ በውስጡ የነበረው ጨረራ የሚለቅ ሲዚየም ተበተነ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከ112,000 በላይ ሰዎች መመርመር ነበረባቸው። መለኪያ ያልያዘ ሰው ምን ያህል እንደደረሰው በምን ይታወቃል? በደሙ። በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዘው ክር፣ ክሮሞሶም፣ ጤነኛ ሲሆን አንድ ቋጠሮ አለው። ጨረራ የሰበራቸው ሁለት ክሮሞሶሞች ተሳስተው ሲገጣጠሙ ባለ ሁለት ቋጠሮ ይወጣል። ባለሙያዋ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ እነዚህን ትቆጥራለች። ለአጣዳፊ ልየታ 50 ሴል ይበቃል፤ በትክክል ለመገመት ግን 500 እና ከዚያ በላይ። ሺህ ሰው ቢሰለፍስ? አንድ ላብራቶሪ አይችለውም።

ለዚህ ነው የአውሮፓ ላብራቶሪዎች ሬነብ የተባለ መረብ የዘረጉት። በየጊዜው ይፈታተናሉ። መጠኑ የተደበቀ ደም በፖስታ ይላክላቸዋል፤ ሁሉም ቆጥረው ግምታቸውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ መልሱ ይገለጣል። በነገራችን ላይ እሽጉ ኤርፖርት ላይ በራጅ እንዳይፈተሽ ምልክት ይለጠፍበታል። ከተፈተሸ ፈተናው ተበላሸ ማለት ነዋ!

[ምስል፦ የልብ ሕክምና ክፍል። ሐኪሙ ከራጁ አጠገብ ቆሟል።]

የመጨረሻው ምሳሌ ስለ ዓይን ነው። የልብ ደም ሥር የሚከፍቱ ሐኪሞች ራጁ እየበራ ከበሽተኛው አጠገብ ይቆማሉ። ደረታቸው በእርሳስ ጋወን ተሸፍኗል፤ ዓይናቸው ግን ተጋልጧል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባስተባበረው ጥናት የዓይን ሐኪሞች የልብ ሐኪሞችን መረመሩ። በ2010 በወጣው የላቲን አሜሪካ ውጤት ከልብ ሐኪሞቹ 38 በመቶ የሚሆኑት በሌንሳቸው ጀርባ በኩል ጉም መሰል ብዥታ ተገኘባቸው። የሞራ ግርዶሽ ጅማሬ ነው። ጨረራ ካልነካቸው ማነጻጸሪያዎች መካከል ግን 12 በመቶው ላይ ብቻ ታየ።

እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ከየአቅጣጫው ተከማቹ። በ2011 ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኞች ዓይን የነበረውን የዓመት ገደብ ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት፣ በአምስት ዓመት አማካይ፣ እንዲወርድ መከረ። በዚያው ሰሞን ኦራሜድ የተባለ የአውሮፓ ፕሮጀክት በየሆስፒታሉ እየዞረ የሐኪሞችን እጅና ዓይን ለካ። ዓይን አጠገብ የሚለበስ መለኪያም ሠራ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ቀላል ነው፦ ከጣሪያ የሚንጠለጠለው የእርሳስ መስታወት በትክክለኛው ቦታ ከተሳበ ዓይን ላይ የሚደርሰው በደንብ ይቀንሳል። መስታወቱ በብዙ ክፍሎች ውስጥ አለ። ጎትቶ ማምጣት ነው የሚቀረው።