ጥቁር በርች፦ ስሙ ጥቁር፣ መለያው ሽታው

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዛፍ ነው። ጥቁር በርች።

በርችን በምስል እንኳ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ነጭ፣ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በረዶ መሃል ቀጥ ብሎ የሚቆም ዛፍ ነው። የዛሬው የእሱ ዘመድ ነው። ግንዱ ግን ጥቁር ነው፣ ልጡም እንደ ወረቀት አይላጥም። አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ነው። ከሜይን ተነስቶ የአፓላቺያን ተራሮች ይዞ እስከ ሰሜን ጆርጂያ ይወርዳል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ይሄ ዛፍ ጎረቤታችሁ ነው። ቅዳሜ ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጥታችሁ ከሆነ አጠገቡ ሳታልፉ አልቀራችሁም።

ወደ ስሙ እንግባ። የቋንቋ ሊቃውንት «በርች» የሚለውን ቃል «ማብራት፣ መንጣት» ከሚል በጣም ጥንታዊ ሥር ያመጡታል። የጀርመኑ «ቢርከ»፣ የሩሲያው «ቤርዮዛ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ጥቁር በርች» ስትሉ ከሥሩ «ጥቁር ነጭ» እያላችሁ ነው። እኔ ይሄን ስም እንዴት እንደምወደው! ሰዎች ነጩን ያውቁ ነበር፣ ጥቁሩን ሲያዩ ከነጩ ለዩት።

አሁን የኛን አገር ዛፍ ላምጣ። ጥቁር እንጨት። በአፋን ኦሮሞ ሆሚ የሚባለው። የባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ሞልቷል። ጥቁር የተባለው በምንድነው? በልጡ። ስትፈልጡት ግን ውስጡ ቀላ ያለ ነው። ጥቁር በርችም እንደዚያው ነው፤ ልጡ ጥቁር፣ ልቡ ቀይ ቡናማ። አየር ሲያገኘው ደግሞ እየጠቆረ ይሄዳል። ለዚህ ነው የቤት ዕቃ ሠሪዎች በማሆጋኒ እንጨት ፋንታ ይጠቀሙበት የነበረው። ሁለቱንም ሰው በላያቸው ጠራቸው፣ ሁለቱም ውስጣቸው ሌላ ነው።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ጥቁር እንጨት የቼሪ ዘመድ ነው። ጥቁር በርችን ደግሞ አሜሪካኖች «ቼሪ በርች» ይሉታል። ለምን? ልጡ ቁርጥ የቼሪን ይመስላል። አንጸባራቂ፣ ጠቆር ያለ፣ አግድም ሰረዝ ሰረዝ ያለበት። ጫካ ውስጥ ቼሪና ጥቁር በርች ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ብቻውን ይሳሳታል። አፍንጫ ግን አይሳሳትም። የጥቁር እንጨትን ቅጠል ስታሹት መራራ አልመንድ ይሸታል። የኮክ ፍሬ ሰብራችሁ ውስጡን አሽታችሁ ታውቁ የለ? እሱን። የቼሪም ቀንበጥ ሲፋቅ የሚሸተው ያንኑ ነው። ጥቁር በርችን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ የሚወጣው ሌላ ነው። ቀዝቀዝ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ለጡንቻ ሕመም የምንቀባው ቅባት ሽታ። ዊንተርግሪን የሚሉት ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ከዛፉ አትቁረጡ፣ ነፋስ የጣለው እርጥብ ቀንበጥ ይበቃችኋል።

እንዲህ ያለ የዛፍ ጨዋታ ከወደዳችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። ስለ ጥቁር እንጨት ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይገባዋል፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምታነሱት ነገር አለ። «የላቲን ስሙ ቤቱላ ኒግራ ነው፣ ኒግራ ጥቁር ማለት ነው፣ ደጃችን ላይ ተተክሏል» የምትሉ። አይደለም። አይደለም ወገኖቼ። ኒግራ ጥቁር ማለት መሆኑ ልክ ነው። ዛፉ ግን ሌላ ነው፣ የወንዝ በርች ይባላል። ሁለቱንም የሰየማቸው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው፣ በ1753። «ጥቁር» የሚለውን ላቲን ለወንዙ በርች ሰጠው። ጥቁር በርችን ቤቱላ ሌንታ አለው። ሌንታ ማለት ተጣጣፊ፣ ብታጎብጡት ቶሎ የማይሰበር ማለት ነው። ቀጫጭን ቀንበጡን ጎንበስ አድርጉት፣ ስሙን ታምናላችሁ። ደጃችሁ ያለው የወንዝ በርች ልጡ ሮዝና ቡናማ ሆኖ በቁርጥራጭ ይንጠለጠላል፣ ሁልጊዜ የተቀደደ ይመስላል። ሜሪላንድ ውስጥ አፓርትመንት በር ላይ የሚተከለው እሱ ነው። ፋቁት፣ አሽቱት። ያ ቀዝቃዛ ሽታ ከሌለ ጥቁር በርች አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የላቲኑን ከመሸምደድ ይሄ ይሻላል።

ኬሚስትሪውን ቶሎ ልበል። ሽታው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። ዛፉ ውስጥ ከስኳር ጋር ታስሮ፣ ጎልተሪን ሆኖ ይቀመጣል። ስትፍቁት ሴሎቹ ይቀደዳሉ፣ ኢንዛይሙ (ይሄን የሚሰብር የዛፉ ፕሮቲን) ያገኘዋል፣ እስሩ ይፈታል፣ ሽታው ይወጣል። አዎ፣ ሳሊሲሌት ነው፣ የአስፒሪን ቤተሰብ።

የአፓላቺያ ሰዎች ይሄን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ቀንበጡንና ልጡን ከትክተው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ ልክ እንደ አረቄ ያወጡታል፣ ዘይቱ ይወርዳል። ለከረሜላ፣ ለመድኃኒት ይሸጣል። ለትንሽ ዘይት ስንት ወጣት ዛፍ ይቆረጥ ነበር! ዛፉ እፎይ ያለው በፋብሪካ የሚሠራው ርካሽ ሆኖ ሲመጣ ነው። ፔንሲልቬንያ ብትሄዱ ዛሬም በርች ቢር የሚባል ለስላሳ ታገኛላችሁ። ቅመሱት።

ዘይቱን ግን አትቅመሱ። ይሄን በደንብ ስሙኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የዊንተርግሪን ዘይት (ያው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው)፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 7 ግራም አስፒሪን ያህል ነው። 325 ሚሊ ግራም በሆነው ክኒን ብትቆጥሩት ከ20 ያልፋል። ሕፃን ይገድላል። አስፒሪን የማይስማማችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ የቀንበጡን ሻይም ሐኪም ሳትጠይቁ አትጠጡ። ዘይቱ ቤት ካለ ቁልፍ ያለው ቦታ ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣው ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት።