ሜድ ኤ ሪሰርች

እሺ እንደምናችሁ። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው። ቦርከና ወንዝ ላይ ጥናት የሰራች አንዲት ተማሪ ዲፌንስ ነበራትና፣ ጥናቷን ኤግዛሚነሮች ፊት የምታቀርብበት ማለት ነው፣ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር።

ስላይዱን ከፈተች፣ ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ "ዊ ሜድ ኤ ሪሰርች" አለች። አንዱ ኤግዛሚነር እጁን አነሳ። "ሪሰርች ሜክ አይደረግም፣ አስተካክለሽ በይው።" ሪሞቱ እጇ ላይ ነው፣ አውራ ጣቷ በተኑ ላይ እንዳለ ቀረ፣ እኔ እሱን ነው የማየው። "ዲድ ኤ ሪሰርች" አለች። "ኤ አይገባበትም!" አላት። ከዛ በቃ ወንዙ ተረሳ። ውሃውን ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ለይታ ቀድታ፣ ስንት ተንከራታ፣ ልዩነቱ ምንድነው ብሎ የጠየቃት የለም።

ሰውየው ትክክል ነው እኮ። ሪሰርች ኮንዳክት ነው፣ ካሪ አውት ነው፣ ዱም ይሄዳል፣ ሜክ ግን አይሄድም። አይቆጠርምም፣ አንድ ማለት ካስፈለገ ኤ ስተዲ ይባላል። ኤቪደንስም እንደዛው። ዲሲዥን ግን ሜክ ይሆናል፣ ኮንክሉዥን ደግሞ ድሮው (draw)። ለምን? አብረው ስለኖሩ ነዋ። እኛስ እቁብ እንጥል የለ፣ እድር እንገባ የለ፣ እድር ጣልኩ የሚል ሰው ፒያሳን ብትዞሩ አታገኙም፣ ማንም ግን ቁጭ አርጎ አላስተማረንም፣ ሰምተን ነው። እሷ ከማን ትስማ? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማረች ይባላል፣ መምህሩ ግን እንዲገባቸው ብሎ በአማርኛ ነው የሚያስረዳው፣ ደግሞ ምን ያድርግ እሱም።

የሚያናድደኝ፣ ነገሩ ተለቅሞ ያለቀ መሆኑ ነው። አከርማንና ቼን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. በአካዳሚክ ጽሁፍ አብረው የሚመጡ 2,469 የቃላት ጥምረቶችን ዘርዝረው አውጥተዋል። ይሄን ፍሬሽ እያለች አንድ ሰው ፕሪንት አርጎ ቢሰጣት ምን ነበረበት?

ግን ደግሞ... ጆርናል ብትልከው ሪቪወሩም እዛው ላይ ይይዛት ነበር፣ ምናልባት ሰውየው ለሷ አስቦ... አይ፣ እንደዛ ግን አይባልም፣ ሰው ፊት፣ እናቷ ከኋላ ተቀምጣ።

ስንወጣ አብሽሪ አልኳት። "ዳታው ግን ደህና ነው አይደል?" አለችኝ። ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው። ኮሬክሽኑን አብረን እንሰራለን፣ ሜዱንም እናወጣዋለን እሺ፣ የውሃውን ነገር ግን አሁን ማን... እኔንጃ፣ ቦርዱ እንደሆነ ተበትኗል፣ ማለቴ...