«ከዚህ በፊት ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላለኝም»

[ምስል፦ አንድ እንክብል፣ አጠገቡ የሚቆጥር ሰዓት]

አሞክሳሲሊን ታዘዘላችሁ እንበል። ባለሙያው «አለርጂ አለባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የብዙዎቻችን መልስ ያው ነው፦ «ከዚህ በፊት ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላለኝም።» ደስ ይላል፣ ግን ዋስትና አይደለም። አንዳንዴ ሰውነትን ለአለርጂ የሚያዘጋጀው ያ ምንም ያላለን ጊዜ ነው።

እንዴት? የሰውነት መከላከያ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ከቆጠረው፣ ለእሱ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ያኔ ምንም አይሰማንም። ፀረ እንግዳ አካሉ ማስት በሚባሉት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ሲመለስ ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በአንዴ ይለቃሉ። የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአየር ቧንቧ ይጠባል። ይህ አናፊላክሲስ ይባላል።

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጡት ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ሻርል ሪሼ እና ፖል ፖርትየር ናቸው። ውሾችን ከአንድ የባሕር እንስሳ መርዝ ጋር ሊያለማምዱ ነበር ሐሳባቸው። የመጀመሪያውን የቻለ ውሻ፣ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቢሰጡት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 ኖቤል ተሸለመ። የውሻው ነገር ግን ያሳዝናል።

[ምስል፦ ሰዓቱ በደቂቃ ይሮጣል]

አናፊላክሲስ መድኃኒቱ በመርፌ ከተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ከተዋጠ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ሰውነት ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣል። ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል። ማስመለስም፣ ራስ መሳትም አለ። ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ አታላዩ እሱ ነው።

የአናፊላክሲስ ማከሚያው አድሬናሊን ነው፤ የሚወጋውም የጭን ጡንቻ ላይ፣ በውጭ በኩል ነው። ካልተሻለ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ክኒን ውጦ «እስኪ ትንሽ ልየው» ማለት ውድ ደቂቃ ማባከን ነው። አምቡላንስ እስኪደርስ ሰውየውን አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ። አቁማችሁ አታስኪዱት፤ በድንገት መነሳት ልብን ሊያቆም ይችላል። ከተሻለው በኋላም ከሰዓታት ቆይታ ሊመለስ ስለሚችል ቶሎ ወደ ቤት አይሂድ።

የሕመም ማስታገሻዎቹ እነ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ትንሽ ይለያሉ። ብዙ ጊዜ ያለ ፀረ እንግዳ አካል፣ በራሳቸው አሠራር ነው ሕመሙን የሚያስነሱት። ስለዚህ በአንዱ የታመመ ሰው በሌላውም ሊታመም ይችላል። በተለይ አስም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

[ምስል፦ ሰዓቱ ወደ ቀን መቁጠሪያ ይለወጣል]

አሁን ቀስ ብሎ ወደሚመጣው አለርጂ። ኮትሪሞክሳዞል (አንቲባዮቲክ)፣ አሎፑሪኖል (ለሪህ)፣ ካርባማዜፒን (ለሚጥል በሽታ)... ብዙዎች ያለ ችግር ይወስዷቸዋል። አልፎ አልፎ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተጀመሩ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የሚባል ከባድ የቆዳ ሕመም ያመጣሉ። አጀማመሩ ጉንፋን ይመስላል፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን መቅላት። ቀጥሎ ቆዳው ከማሳከክ ይልቅ ያማል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። አፍና ዓይን ይቆስላሉ። እዚህ ላይ አድሬናሊን አያድንም። መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት ነው። ችግሩ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የጀመርነውን ክኒን ማን ይጠረጥራል?

የተገላቢጦሹም አለ። በአሜሪካ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ይላል። ሲመረመሩ ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት መውሰድ ይችላሉ። አንዳንዱ በልጅነቱ ያየው ሽፍታ የቫይረስ ነበር። የሌላው አለርጂ በዓመታት ውስጥ ጠፍቷል። ይህን የሚያጣራው ግን ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ «እስቲ ልሞክረው» አይባልም።

ለሐኪሙም «አለርጂ አለብኝ» ብቻ ብዙ አይነግረውም። የመድኃኒቱን ስም፣ የሆነውን ነገር፣ በስንት ጊዜ እንደጀመረ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። እንዲህ፦

[ጽሑፍ በስክሪን ላይ፦ አሞክሳሲሊን። ሁለተኛው እንክብል። ከ20 ደቂቃ በኋላ። ከንፈር አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረ።]