ሳይመረቁ ክፍል መግባት፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ የተገኛችሁ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ሪፖርቱ፣ ሒሳቡና ምርጫው በየተራቸው ይቀርባሉ። እኔ ከአጀንዳው አንዱን ብቻ አነሳለሁ። በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ የሚማሩ ወጣቶች ገና ሳይመረቁ፣ እየተከፈላቸው፣ በትምህርት ቤቶቻችን እንዲለማመዱ የሥራ አመራሩ ያዘጋጀውን ዕቅድ ነው። ዛሬ ከሰዓት ድምፅ ስለምትሰጡበት ዝርዝሩን አሁን መስማት አለባችሁ።

የሳይንስ ትምህርት ያለበትን ሁኔታ ለእናንተ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህሩ ላይ የሚጭን ሰው ክፍል ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ማን መምህር ይሆናል የሚለው ጥያቄ በእኛ እጅ ከሚገኙት ጥቂቶች አንዱ ነው።

እስካሁን በተለመደው አሠራር አንድ ወጣት በመጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይይዛል፤ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የሚያበቃውን ሥልጠና፣ በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለውን፣ የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ትምህርቱን ጠንቅቆ ያላወቀ ሊያስተምረው አይችልም። ጉድለቱ ውሳኔው የሚመጣበት ጊዜ ላይ ነው። ልጁ ዓመታቱን ሁሉ ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ሳያውቅ ይመረቃል፤ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፤ ሲያጣ ማስታወቂያውን ያያል። በዚያ ሰዓት መምህርነት ምርጫው ሳይሆን የተረፈው ነገር ይሆናል። የምህንድስና ተማሪ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ኢንተርንሺፕ ይሠራል፤ ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ፎርማኑ ምን እንደሚል፣ ማሽን ሲቆም ማን እንደሚጠራ አይቶ ይመለሳል። የኬሚስትሪ ተማሪ ስለ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ከዴስክ በኩል ያየውን ብቻ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት የሞሉባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ዩቲች የሚባለው ፕሮግራም የሳይንስ ተማሪዎችን ገና ከመጀመሪያው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልኮ ጥቂት ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ያደርጋል፤ ከወደዱት ይቀጥላሉ፣ ካልወደዱት በጊዜ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ የተቋቋመው በሮበርት ኖይስ ስም የተሰየመው ስኮላርሺፕ ደግሞ ግዴታ አለበት፤ ገንዘቡን የወሰደ ችግረኛ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ካላስተማረ ገንዘቡ ብድር ይሆንበታል። በእንግሊዝ መንግሥት የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎችን ጨምሮ ለተለያዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ክፍያ ያለው የትምህርት ቤት ልምምድ ያዘጋጃል። ከልምምዱ በኋላ መምህር ካልሆንክ የሚል የለም።

የእኛ ዕቅድ ለእንግሊዙ ይቀርባል፤ ግን እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው አይሠራም። እዚያ ልምምዱ የሚካሄደው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ክፍት ነው። በእኛ ክረምት ሁለቱም ይዘጋሉ። ባዶ ክፍል ውስጥ ማንን ያስተምሩ? ስለዚህ የሥራ አመራሩ ወር ሙሉ የሚለውን ትቶ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ ለ10 ሳምንት የሚለውን መርጧል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚውል ለልምምዱ የጠዋት ፈረቃ ይመቻል።

ቀኑን ስንመርጥ አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ። ተለማማጁ በሚመጣበት ቀን መሪ መምህሩ፣ ማለትም ልጁን ክፍሉ ውስጥ ተቀብሎ የሚያለማምደው መምህር፣ በአንድ የክፍል ደረጃ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። አለዚያ ልጁ ጠዋት ሙሉ ስታፍ ክፍል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በሴሚስተር መጀመሪያ ፕሮግራም እንደሚቀያየር ታውቃላችሁ፤ ከሦስተኛው ሳምንት በፊት ማንንም አንቀበል። ምደባው 9ኛና 10ኛ ክፍል ይሁን። 12ኛን እንተወው፤ ፈተና የተደቀነበት ክፍል መለማመጃ አይሆንም።

አሥሩ ግማሽ ቀናት እንዲህ ይከፋፈላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተለማማጁ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፤ «ያያል» ስል ግን እጁን አጣጥፎ አይደለም። አንድ የተወሰነ ነገር ይመዘግባል። ለምሳሌ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እስኪቀበል ስንት ሰከንድ ይታገሣል? ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ከዛሬ 50 ዓመት በፊት እንዳሳዩት መምህራን በአማካይ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲደርስ የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» እና ዝምታ ይቀንሳሉ። (መሪ መምህራን ሆይ፣ ሰዓቱ በእናንተ ላይ ሊያዝ ነው፤ አትቀየሙ።) ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ከስድስት እስከ ስምንት ልጆችን ይዞ በቡድን ያግዛል፣ ደብተር ያርማል። ደብተር ማረምን አትናቁ፤ ተማሪው የት ጋ እንደሚስት ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ከ40ው ደቂቃ 15ቱን ይወስዳል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ መሪ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ።

የ15 ደቂቃው ምን ሊመስል እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከምንሰጠው የዕቃ ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው። ሣጥኑ ውስጥ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር፣ ቢከር፣ ማንጠልጠያና ትንሽ ምድጃ አለ። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። ደሴ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሲፈላ የሚነበበው 92 አካባቢ ነው። ያልተዘጋጀ ተለማማጅ እዚህ ይደነግጣል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደብቀዋል ወይም ሰሌዳው ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ከሁለቱም የከፋው ሁለተኛው ነው። ትምህርቱ ያለው እዚያችው ስምንት ዲግሪ ውስጥ ነው፦ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃው ቀድሞ ይፈላል፤ የሚፈላው ውኃ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ባቄላው ለመብሰል ይዘገያል። ይህን የደሴ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ማጀት ያውቀዋል፤ ፊዚክስ መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል እዚያ 94 አካባቢ ይነበባል። በሁለቱ ከተሞች ያሉ ተለማማጆች በአንድ ቀን ለክተው ውጤቱን ቢለዋወጡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው፣ ርካሽ ቴርሞሜትሮች ደግሞ እርስ በርሳቸው አንድ ዲግሪ ይለያያሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አስቀድሞ እዚሁ ደሴ አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ልዩነታቸውን መመዝገብ፣ ከዚያ አንዱን ይዞ መውረድ። ጫፉ የዕቃውን ታች መንካት የለበትም፤ ከነካ የሚለካው ድስቱን ነው። ንባቡ የሚያዝ ውኃው በደንብ ሲንፈቀፈቅና ቁጥሩ ሲቆም ነው። ሜርኩሪ ያለበት ቴርሞሜትር ክፍል አይገባም። በውኃ ያልተበረዘ አሲድም እንዲሁ፤ ያ የላብ ቴክኒሻኑ ሥራ ነው።

ምን ምን ሊበላሽ እንደሚችል ሳናውቅ አንጀምር። የመጀመሪያው ችግር ከተለማማጁ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ኖት ይዞ ይመጣና ለ9ኛ ክፍል ፍጥነትን በካልኩለስ ያብራራል፤ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ሰሌዳ ሙሉ ይጽፋል። መድኃኒቱ ሌሰን ፕላኑን ከሁለት ቀን በፊት ለመሪ መምህሩ ማሳየትና ለተማሪው የሚቀርቡትን ሦስት ጥያቄዎች ቃል በቃል መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከእኛ ነው፣ ይበልጥ የሚያሰጋኝም እሱ ነው። መምህር በጎደለበት ትምህርት ቤት አንድ የፊዚክስ ተማሪ ሲገኝ ሁሉም ሰው ክፍተት መሙያ ያደርገዋል። ክፍሎችን የሚያስተባብረው ዩኒት ሊደር መምህር የሌለበት ክፍል ያስገባዋል፤ መሪ መምህሩ «ልጁ አለልኝ» ብሎ ጉዳዩን ሊፈጽም ይወጣል። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ብቻውን የተተወ ወጣት ያን ቀን የሚማረው መምህር ላለመሆን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል፤ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ለአገር ብዙ ጠቅሟል። ያ ግን ግዴታ ያለበት ሙሉ ሥራ ነበር፤ የእኛ ልምምድ ነው። ስለዚህ በስምምነት ሰነዱ ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር ይግባ፦ ተለማማጅ መሪ መምህሩ በሌለበት ክፍል አይገባም፤ ሁለት ጊዜ ከተጣሰ ልምምዱ ከትምህርት ቤቱ ይነሣል።

ሦስተኛው ስስ ጉዳይ ነው፣ ግን በግልጽ እንነጋገር። ተለማማጁ ሃያ ዓመት ነው፣ ተማሪዋ አሥራ ስድስት። የስልክ ቁጥር መለዋወጥ፣ በቴሌግራም በግል መጻጻፍ፣ ከተማሪ ጋር ለብቻ ክፍል ውስጥ መቅረት የለም። ተለማማጆች ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሁለት ሆነው ይላኩ፤ ሴት ተለማማጆችን ደግሞ ብቻቸውን አንመድብ።

አሁን ገንዘቡ። «ለልምድ ብለው በነፃ ይምጡ» የሚል አስተያየት ደርሶናል። በነፃ ከሆነ የሚመጣው ቤተሰቡ ከተማ ያለ ልጅ ብቻ ነው። ከወረዳ የመጣው፣ ታክሲ ሒሳብ የሚቆጥረው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የካፌ ምሳ የሚያልፈው ልጅ ይቀራል። እኔ ደግሞ ነገ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ተመልሶ ሊያስተምር የሚችለው እሱ ነው ባይ ነኝ። በሌላ በኩል ክፍያው ከበዛ አበል ፈላጊ ይሰበስባል። ያቀረብነው በግማሽ ቀን 300 ብር ነው። ስድስት ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱ አራት፣ በጠቅላላው 24 ተለማማጅ፤ ለ10 ግማሽ ቀን 72,000 ብር። ለ12 መሪ መምህራን በግማሽ ቀን 150 ብር፣ 18,000። በድምሩ 90,000 ብር፣ ዕቃውን ሳይጨምር። ክፍያው በየ15 ቀኑ በቴሌብር ይላክ፤ ማረጋገጫው የመሪ መምህሩ ፊርማ ይሁን። ማኅተም ፍለጋ ከገባን ልጆቹ ሰኔ ላይም አይከፈላቸውም።

ምልመላው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ይሁን፤ ተመራቂዎቹ የመውጫ ፈተና አለባቸው። ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ብቻ አንፈልግ። አመልካቹ አንድ ጽንሰ ሐሳብ በአምስት ደቂቃ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ለኮሚቴው ያስረዳ። እንግሊዝኛው ለመጽሐፉ፣ አማርኛው ልጆቹ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ለሚነሣው።

በመጨረሻው ግማሽ ቀን ተለማማጁን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መምህርነትን ታስብበታለህ? «አይ» ካለ አመስግነን እንሸኘው። በጊዜ ያወቀ ሰው በኋላ ሳይወድ ገብቶ 30 ዓመት ከሚቆይ ይሻላል። ከ24ቱ አምስቱ «አዎ» ቢሉ እኔ በበኩሌ የዓመቱን ገንዘብ አልቆጭም።

መሪ መምህር ለመሆን የምትፈልጉ ቅጹ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የሳምንቱን የክፍለ ጊዜ ፕሮግራማችሁን አያይዛችሁ እስከ ምሳ ሰዓት አስገቡ። ፕሮግራም ያልተያያዘበት ቅጽ አይታይም። የኮምቦልቻ አባላት መኪና በ10 ሰዓት ስለሚነሣ ድምፅ አሰጣጡ 8 ሰዓት ላይ በትክክል ይጀመራል።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ጸሐፊያችን ወደ ሪፖርቱ ይግቡልን።